የቸኮሌትና የፔፐርሚንት ኩኪስ፦ ሊጡ ይዘረጋል፣ ከረሜላው ይቀልጣል

የኮሎራዶዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በመሥሪያ ቤታችን ለፈረንጆቹ ገና ሁሉም ጋግሮ የሚለዋወጥበት ቀን አለ፤ እኔ የቸኮሌትና የፔፐርሚንት (ጠንከር ያለ የናና ዓይነት) ኩኪስ ደርሶኛል። የምኖረው ዴንቨር አጠገብ ነው። ሊጡ ኦቨን ውስጥ ስስ ሆኖ ይዘረጋል፣ ጠርዙ ደርቆ መሃሉ ጥሬ ይቀራል። ከሊጡ ጋር የምቀላቅለው የተሰባበረ ከረሜላ (ያ ቀይና ነጭ፣ ከዘራ የሚመስለው) ደግሞ ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ጣዕሙም ወደ ጥርስ ሳሙና ይሄዳል።

ልኬቴ፦ 115 ግራም ቅቤ፣ 200 ግራም ነጭ ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ 125 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 40 ግራም ካካዎ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ሚንት ኤክስትራክት (ፈሳሽ የናና ማጣፈጫ)። በ350 ፋራናይት 12 ደቂቃ። ቀኑ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል የጾም አሠራሩን የሚያውቅም ካለ ይንገረኝ።

ፉርኖ_ቤት፦

እህቴ፣ ልኬቱ የተሠራው ለቆላ ከተማ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ያንሳል፤ ውኃ የሚፈላውም 95 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ የሊጡ እርጥበት ቶሎ ይተንና የስኳሩ መጠን ከውኃው አንጻር ይበዛል። ከሶዳው የሚወጣው ጋዝም ከሚገባው በላይ ይነፋል። ዱቄቱና እንቁላሉ ሳይረጉ ሊጡ ተነፍቶ ይወድቃል፣ ከዚያ ይዘረጋል።

ሶዳውን ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አውርጂው። ለ125 ግራም ዱቄት አንድ ሙሉ ማንኪያ የትም ቦታ ቢሆን ብዙ ነው፤ የተረፈው ሶዳ አፍ ላይ ሳሙና ሳሙና ይላል። ስኳሩን ወደ 180 ግራም ቀንሺ፣ ግማሹ ቡናማ ስኳር ይሁን። ዱቄቱን ወደ 140 ግራም ከፍ አድርጊና የጠፋውን እርጥበት ለመተካት 1 የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም ውኃ ጨምሪ። ኦቨኑን 365 ፋራናይት (185 ሴልሺየስ) አድርጊው፤ ጊዜው ከ9 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ሙቀቱ ከፍ ሲል ጠርዙ ቶሎ ስለሚረጋ የመዘርጋት ዕድል አያገኝም።

የካካዎውን ጥቅል አንብቢ። ሶዳ እንዲሠራ አሲድ ስለሚፈልግ የሚስማማው ተፈጥሯዊው ካካዎ ነው። «ደች» የሚል ከሆነ አሲዱ ስለተቀነሰ፣ በሶዳው ፋንታ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ተጠቀሚ።

ቅቤው በጣት ሲጫኑት የሚጎደጉድ፣ ግን ገና የማያብረቀርቅ መሆን አለበት። ወዝቶ ካብረቀረቀ ለስልሷል፤ እንዲህ ያለ ቅቤ ሌላው ሁሉ ልክ ቢሆንም ሊጡን ያዘረጋዋል። ከስኳሩ ጋር ከ2 ደቂቃ በላይ አትምቺው፣ አየር ይበዛበታል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ነጩ እስኪጠፋ ብቻ አዋህጂ። ከዚያ 30 30 ግራም እየመዘንሽ አድበልብይው (18 ያህል ይወጣል) እና ቢያንስ ለ1 ሰዓት ፍሪጅ አስገቢው። ሁለተኛውን ዙር በጋለ ትሪ ላይ አትደርድሪ፤ ሊጡ ኦቨን ሳይገባ መቅለጥ ይጀምራል።

የካካዎ ሊጥ ሲበስል በቀለም አይታወቅም። ጠርዙ ሲነኩት የጸና፣ መሃሉ ገና ለስላሳ ሲሆን አውጪውና ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ይቆይ። እዚያው ይጨርሳል። መሃሉ እስኪደርቅ ከጠበቅሽ ሲቀዘቅዝ ይደነድናል።

ናና_በቸኮሌት፦

የጥርስ ሳሙናው ጣዕም ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ የኤክስትራክቱ ብዛት ነው፤ ለዚህ ልክ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሌላው ዓይነቱ ነው። «ሚንት» ብቻ የሚለው ኤክስትራክት ብዙ ጊዜ የሁለት ናና ድብልቅ ነው። ከቸኮሌት ጋር የሚሄደው «ፔፐርሚንት» ተብሎ የተጻፈበት ነው። የፔፐርሚንት ዘይት ከገዛሽ ደግሞ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ ከ3 ጠብታ አትለፊ። ቅቤው ሲመታ አብሮ ይግባ፣ ስቡ ሽታውን ይይዘዋል።

ከረሜላውን ኦቨን ውስጥ ፈጽሞ አታስገቢው። ስኳር ነውና ይቀልጣል፣ ምንም ዘዴ አያድነውም። ኩኪሱ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ 150 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከ1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ጋር በእንፋሎት አቅልጪ፣ ኩኪሱን እስከ ግማሹ ንከሪ፣ ቸኮሌቱ ሳይረጋ ከረሜላውን በትኚበት። ሳህኑም ማንኪያውም ደረቅ ይሁን፤ ጥቂት የውኃ ጠብታ ቸኮሌቱን ያጓጉለዋል። ኤክስትራክቱንም ወደ ቀለጠ ቸኮሌት አትጨምሪ፣ ውኃና አልኮል ስላለው ያው ነው።

ከረሜላውን ፌስታል ውስጥ አድርገሽ በመዳመጫ ሰባብሪና በወንፊት ንፊው። ላዩ የሚቀረውን ጠጠር ብቻ ተጠቀሚ። የከረሜላው ብናኝ ከአየር እርጥበት ቶሎ ስለሚስብ ኩኪሱን ያጣብቀዋል፣ ቀዩም ቀለም ይፈስሳል።

ጾመኛ፦

ጾሙ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ስለሆነ የፈረንጆቹ ገና ሁልጊዜ ውስጡ ይወድቃል፤ ይህን ማወቅ ለብዙዎቻችን ይጠቅማል። በእንቁላሉ ምትክ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጠሽ እስኪያዝ 10 ደቂቃ ተዪው። ያልተቆላ ተልባ ይሁን፣ የቆላሽው ሽታው ናናውን ይጫነዋል። በቅቤው ፋንታ 95 ግራም የረጋ የኮኮናት ዘይትና ተጨማሪ 1 የሾርባ ማንኪያ ውኃ። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ 2 ሰዓት ይቆይ። ወተቱም በውኃ ይተካ።

ማርጋሪን ከመረጥሽ ጀርባውን አንብቢ፣ ብዙዎቹ ውስጥ የወተት ውጤት አለ። ጥቁር ቸኮሌትም ቢሆን የወተት ስብ የተጨመረበት አለ። ከረሜላው አብዛኛውን ጊዜ ስኳር፣ ሽሮፕ፣ ማጣፈጫና ቀለም ብቻ ነው።

ሸገር_ኦቨን፦

አዲስ አበባ ለሚጋግሩ፦ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ስለዚህ ከላይ ከተጻፈው ሶዳውን ወደ ሲሶ የሻይ ማንኪያ፣ ስኳሩን ወደ 170 ግራም ዝቅ፣ ዱቄቱን ወደ 150 ግራም ከፍ አድርጉ። ቅቤው ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ይሁን፤ የገጠር ቅቤ ውኃውም ሽታውም ይለያል። ካካዎው ስኳር የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ፣ ለመጠጥ የሚሸጠው አይሆንም። ኤክስትራክት ካልተገኘ 10 ግራም ትኩስ የናና ቅጠል በቀለጠ ሞቃት ቅቤ ውስጥ 20 ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ አጥልሉና ቅቤውን መልሳችሁ አርጉት። የእኛ ናና ከፔፐርሚንት ይልቅ ለስለስ ያለ ነው፣ ያን የሚያቀዘቅዝ ስሜት አትጠብቁ።

የኮሎራዶዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ፦ ከስንት ቀን በፊት ልጋግረው?

ናና_በቸኮሌት፦

የተድበለበለውን ሊጥ አሁኑኑ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ትችያለሽ፣ 2 ወር ይቆያል። ሳይቀልጥ ይጋገርና 1 ወይም 2 ደቂቃ ይጨመርበት። ከረሜላውን ግን በዋዜማው ማታ ወይም በዕለቱ ጠዋት በትኚ። ከሌላ ኩኪስ ጋር አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አታድርጊው፤ በአንድ ሌሊት የቅቤውም የዝንጅብሉም ሁሉ ናና ናና ይላል።