የጋራ ሐሳባችን፦ «እያወቀ» የምትለዋን ቃል እንዴት እንጻፋት?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለኮንግረስ ተወካያችን የምንልከው ሐሳብ ዓርብ ማለቅ አለበት። ረቂቁ «ሕፃናት ወይም የተገደዱ ሰዎች ለወሲብ ንግድ የሚቀርቡባቸው ማስታወቂያዎች ይከልከሉ» ይላል። ይሄማ ተከልክሏል እኮ! አሜሪካ ውስጥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፌዴራል ወንጀል ነው። የምንጠይቀውን እንለይ።

ሰብሳቢው፦ ልክ ነሽ። ክፍተቱ ያለው ሕጉ ውስጥ «እያወቀ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ከዚህ ንግድ በሌላ መንገድ የሚጠቀም ሰው ምልክቱን እያየ ችላ ማለቱ ብቻ ያስጠይቀዋል። ጥቅሙ ከማስታወቂያ ከሆነ ግን ማወቁን ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አለበት። «አላየሁም» ማለት ደግሞ ቀላል ነው።

የእናቶች ቡድን ተወካይ፦ ጋሼ፣ እኔ የሴኔቱን የ2017 ሪፖርት ሳነብ ነው ያደርኩት። ባክፔጅ የሚባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ማስታወቂያው ውስጥ «ታዳጊ» ወይም «ተማሪ ልጅ» የሚል ቃል ሲገባ ሲስተሙ ቃሉን ብቻ ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ይለጥፈዋል። ልጅቷ እዚያው ናት፣ ስልኩም እዚያው ነው፣ ገንዘቡም ተከፍሏል፣ የጠፋው ዕድሜዋን የሚናገረው ቃል ብቻ ነው። ይሄ አለማወቅ ነው? ቃሉን የሚሰርዝ እኮ ያነበበ ነው!

ወጣቱ ፕሮግራመር፦ እትዬ፣ እስማማለሁ፤ ግን ስድብ የሚያጣራ ትንሽ ድረ ገጽ አብሮ እንዳይመታ። ክፍያ የተቀበለ ይባል። ሌላም አለ። ባክፔጅ የተዘጋው፣ ድረ ገጾችን በወሲብ ንግድ ማስታወቂያ ተጠያቂ የሚያደርገው የ2018ቱ ሕግ ሊፈረም 5 ቀን ሲቀረው ነው፣ የተከሰሰውም በቀድሞ ሕጎች። የአሜሪካ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2021 እንዳወጣው፣ እስከዚያ ድረስ በዚህ ሕግ አዲስ የወንጀል ድንጋጌ የተከሰሰው 1 መዝገብ ብቻ ነበር። ማስታወቂያዎቹ ውጭ አገር ወዳሉ ድረ ገጾች ተበተኑ፣ ፖሊስም ማስረጃ ማግኘት ከበደው። ስለዚህ «አጥፉት» ብቻ አንበል። አጥፍተው መረጃውን ያስቀምጡት።

ሰብሳቢው፦ ለሕፃናት በ2024 የወጣው ሕግ አለ። የኢንተርኔት ኩባንያዎች ስለ ሕፃናት ወሲባዊ ብዝበዛ ሪፖርት ያደረጉትን 1 ዓመት ማቆየት አለባቸው።

የእናቶች ቡድን ተወካይ፦ 18 የሞላትስ? ትናንት የልደት በዓሏ ስለነበረ ማስረጃዋ ይጣል? ለአዋቂዎችም ይስፋ። ደግሞ ማስታወቂያውን ተገድዳ በእጇ የጻፈችዋ ራሷ እንዳትከሰስ። ብዙ ጊዜ ስልኩን ይዛ የምትጽፈው እሷው ናት፣ የሚያዛት ሰው አጠገቧ ቆሞ። ይህ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊዋ፦ ይገባል እትዬ። እንዲህ ጻፍኩት፦ «ክፍያ ተቀብሎ፣ ዕድሜን ወይም ግዳጅን የሚጠቁም ቃል ከማስታወቂያ ላይ ሰርዞ ወይም በማሽን አሰርዞ ያወጣ፣ እንዳወቀ ይቆጠራል። የተነሣው ማስታወቂያና የክፍያው መዝገብ፣ የተጎጂዋ ዕድሜ ምንም ይሁን፣ ለ1 ዓመት ይቀመጣል። ተገድዳ የጻፈች አትከሰስም።»

ወጣቱ ፕሮግራመር፦ «ዋናው ቅጂ ሳይነካ» የሚል ጨምሪበት። የተሰረዘው ቃል ካልተቀመጠ የቀረው ምንም አያስረዳም።

ጸሐፊዋ፦ ጨመርኩ። ጋሼ፣ ሐሙስ ማታ አንዴ አንብቡልኝና ልላከው።