ጎረቤታችን ላይ በቲክቶክ ዘመቻ ተከፍቶባታል፤ እኛ የብሎኩ ሰዎች ምን እናድርግ?

የአባዶ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ ትኖራለች። ስሟን አልጽፍም፤ እባካችሁ እናንተም ገምታችሁ እንዳትጽፉ። እዚህ ግቢ ከገባን 7 ዓመታችን ነው፣ እሷም በዚያው ሰሞን ነው የገባችው። ውኃ ሲጠፋ አብረን ጀሪካን ይዘን ተሰልፈናል። ትንሹን ልጄን ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ እናቷ ናቸው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቃለ መጠይቅ ሰጥታ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ አሁን ሙሉውን አይቼዋለሁ። ስለ ሠርግና ስለ ተዝካር ወጪ ተጠየቀች። አባቷ ሲሞቱ ለተዝካሩ ጥማድ በሬው ተሸጦ፣ ከዚያም አልፎ ብድር ተገብቶ፣ እሷና ወንድሞቿ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት እንደቀሩ እያለቀሰች ነው ያወራችው። መጨረሻ ላይ «ድግሳችን ነው ያደኸየን» አለች። አንዱ ይቺን መጨረሻዋን ብቻ ቆርጦ፣ 15 ሰከንድ አድርጎ፣ ከላዩ «ሃይማኖታችንንና ባህላችንን የሰደበችው» ብሎ ለጠፈው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ማታ ማታ ላይቭ ገብተው እሷን እየሰደቡ ጊፍት፣ ማለትም ወደ ገንዘብ የሚቀየር ስጦታ፣ የሚሰበስቡ አሉ። የድሮ ፎቶዎቿ ወጡ። የትዳሯ ነገር ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ስለ ቃለ መጠይቁ የሚያወራ ሰው እንኳ አልነበረም፤ አፍንጫዋ፣ አለባበሷ፣ ልጇ ማንን እንደምትመስል ሆነ ወሬው።

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ የብሎካችን ፎቶ ተለጠፈ። ቁጥሩ በግልጽ ይታያል። ፎቶው የተነሳው ከታች ካለው ሱቅ በር ላይ ነው፣ ቆሜ አይቼዋለሁ። ማለትም ያነሳው ሰው ከኛው ጋር ዳቦ የሚገዛ ሰው ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። በማግስቱ ሁለት የማናውቃቸው ልጆች መጥተው ጥበቃውን «የትኛው በር ነው የሷ?» ብለው ጠይቀውታል። አልነገራቸውም፣ እግዜር ይስጠው።

እሷ አሁን ገና ሳይነጋ ነጠላ ተከናንባ ትወጣለች፣ ከመሸ ትገባለች። እናቷ ማኅበር ቀርተዋል። ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ከልጄ ጋር ነው የምትማረው። ልጄ የነገረኝን ልንገራችሁ፤ እረፍት ላይ ልጆች ከብበው «እናትሽ ያቺ የምትሰደበዋ ናት አይደል?» እያሏት ምሳዋን ሳትበላ ትመለሳለች። ያቺን ቪዲዮ ሼር ያደረገ ሰው ይቺን ምሳ ዕቃ አላያትም።

አንድ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ። ቪዲዮው መጀመሪያ የደረሰኝ ቀን «ይቺ ደግሞ ምን ነካት?» ብዬ ለእህቴ ልኬዋለሁ። ሙሉውን ሳላይ። የሰባት ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ ደረጃ ወጥቼ መጠየቅ እችል ነበር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሄጄ ላናግራት ወይስ እንዳላየ ልለፍ? እኛ ሰው ችግር ሲደርስበት መድረስ እናውቃለን። ለቅሶ ቢሆን ድንኳን እንተክላለን፣ እድሩ ወንበሩን ያመጣል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብለን እንገባለን። የታመመ እንጠይቃለን። ለዚህኛው ግን ምን ተብሎ ይገባል? ብናገር ማሳፈር ይመስለኛል፣ ዝም ብል ደግሞ እንደ ሌላው መሆን ነው።

የድሮ ሬዲዮ

ሂጂ እህቴ። ዛሬውኑ ሂጂ።

እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው፣ ለብዙ ዓመት ሬዲዮ ላይ ሠርቻለሁ። በኔም ላይ ደርሷል። ስድቡ በሁለተኛው ሳምንት ደነዘዘኝ፣ ስልኩን አጥፍቼ መተኛት ቻልኩ። ያልቻልኩት የቡና አጣጪዬን ነው። መንገድ ላይ ስታየኝ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር የምትፈልግ ትመስል ነበር። እሷም እንዳንቺ ምን እንደምትለኝ ጨንቋት እንደነበር ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ «አምናቸዋለች ማለት ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት።

ስትሄጂ «እውነት ነው ወይ?» አትበያት። «ዛሬ ደግሞ እንዲህ ብለው ጻፉብሽ» ብለሽም አዲስ ወሬ አትውሰጂላት፤ ሰው አዛኝ መስሎት እሱን ነው የሚያደርገው። ሌላው ደግሞ ስልኩን ከእጇ የሚቀበል አንድ የምታምነው ሰው ያስፈልጋታል። መልእክቶቹን እሱ ያንብብ፣ ዛቻ ያለበትን ለይቶ ያስቀምጥ። እኔ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ ኮሜንት እቆጥር ነበር፣ ያን ጊዜ ማንም ባያስቆመኝ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። የወንድሜ ሚስት ናት ስልኬን የወሰደችው።

የሁለቱን ልጆች ነገር ግን ቀላል አታድርጉት። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ማዕከል ጋር ሆኖ በ2020 እ.ኤ.አ. የጠየቃቸው ሴት ጋዜጠኞች 73 በመቶዎቹ በኢንተርኔት ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። 20 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ጥቃቱ ከስልክ ወጥቶ በአካል ተከትሏቸዋል። ከአምስት አንዷ ማለት ነው። ጥበቃውን በደንብ አናግሩት።

የኮዬው

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል፣ እንዳትቆጡ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። እናቴ ስትሞት ተዝካሯን ደግሻለሁ፣ ተበድሬም ጭምር፣ አልጸጸትም። ቪዲዮውን ሳይ ደሜ ነው የፈላው። እኔም ጽፌባታለሁ። ሰው ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ የፈለገውን ሲናገር እኛ መልስ መስጠት ከተከለከልን እሱም ልክ አይመስለኝም። የታወቀ ሰው ሲነካ ሁሉ «ዘመቻ ነው» ከተባለ ማን ይተች? ልጇ ላይ የተደረገው ግን ነውር ነው፣ እሱን አልደግፍም።

የአባዶ እናት

ወንድሜ፣ እናትህን ነፍስ ይማር። ማንም መልስ አትስጥ አላለህም። «እኔ የእናቴን ተዝካር ደግሻለሁ፣ አንቺ ያልሽው ትክክል አይደለም» ብትላት እሷ ራሷ ደስ ብሏት ትከራከርህ ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ከአባወራዎቹ ጋር ስትከራከር ሰምቻታለሁ። ግን አንተ አንድ ኮሜንት ነው የጻፍከው፣ እሷ ጋ ሲደርስ ስንተኛው እንደሆነ አስበው። ሙሉውን ቃለ መጠይቅ አይተኸዋል?

ሕግ ነክ

የሕጉን በኩል ልጻፍ። «ኢንተርኔት ላይ የተሰደበ ሰው የት ይከሳል?» ሲባል እሰማለሁ፣ ሕጉ ግን አለ።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13ን ተመልከቱ። በጽሑፍ፣ በድምፅም ሆነ በቪዲዮ ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ማስፈራራት ወንጀል ነው። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ ቤተሰቡ ደጋግሞ መረጃ እየላኩ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና መፍጠርም ለብቻው ተቀምጧል፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ከሆነ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ስም ማጥፋቱ ግን በተበዳዩ አቤቱታ ነው የሚያስቀጣው፣ ስለዚህ እሷ ራሷ ማመልከት አለባት። ሌላው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። እዚያ ላይ ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይሄዳል። ላይቭ የሚገቡት ልጆች ይሄን የሚያውቁ አይመስለኝም።

አሁን የምታደርጉት ማስረጃ መያዝ ነው። ነገ ያጠፉታል። ስክሪንሹቱ የአካውንቱን ስምና ቀኑን ያሳይ፣ ሊንኩን ለብቻ ገልብጡት። ላይቭ ከሆነ ስክሪኑን ቅረጹት። የብሎኩን ፎቶ ከሁሉም አስቀድማችሁ ያዙ። ጥበቃውም ልጆቹ የመጡበትን ቀንና ሰዓት ሳይረሳው ይጻፍ።

ፎቶው ላይ ለምን እንደጨነቀኝ ልንገራችሁ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጉዳይ ትዝ ስለሚለኝ ነው። ስማቸው፣ ፎቷቸውና የሚሠሩበት ቦታ ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ። ልጃቸው ይነሳልን ብሎ ደጋግሞ ሪፖርት ማድረጉን ይናገራል። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፣ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ብሎ የወሰነው መጋቢት 2017 ነው። ሁለት ዓመት ከምናምን ፈጅቷል፣ ያውም ዋናው ክርክር ሳይጀመር። እና ኩባንያው ያነሳልናል ብላችሁ አትጠብቁ። ሪፖርቱንም አድርጉ፣ ፖሊስ ጋም ሂዱ፣ በሩንም ጠብቁ።

ሀኒ ሰበታ

እኔ 20 ዓመቴ ነው። እነዚያን ላይቮች አያቸው ነበር፣ የሷን ሳይሆን የሌላ ሰው። ብዙ ሰው ሲኖር ደስ ይላል፣ ሁሉም ሲስቅ አንተም ትስቃለህ፣ የሚሰደበው ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ እያየ እንደሆነ ትዝ አይልህም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የተውኩት በኮሪያ ዘፋኝ በሱሊ ምክንያት ነው። የኮሪያ ድራማ የምታዩ ታውቋታላችሁ። ለዓመታት ሲጽፉባት ቆይተው በ2019 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር በ25 ዓመቷ አለፈች። በዚያው ወር ዳውም የሚባለው ትልቅ የኮሪያ ድረ ገጽ ከመዝናኛ ዜናዎቹ ሥር ኮሜንት መጻፊያውን ዘጋው። ሌላው ትልቅ የኮሪያ ድረ ገጽ ኔቨርም በ2020 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ዘጋ። ከኮሜንቱ ስንት ሰው ይገባላቸው እንደነበር አስቡት፣ ግን ዘጉት። እዚህ የሚዘጋልን የለም።

አንድ ምክር ልስጥ፣ ለመከላከል ብላችሁም ቪዲዮው ሥር አትጻፉ። ኮሜንት በበዛ ቁጥር ለብዙ ሰው ነው የሚደርሰው፣ የናንተ ጥሩ ቃልም ይገፋዋል። ሪፖርት አድርጋችሁ ውጡ። ቪዲዮውን የላከላችሁ ሰው ካለ ለሱ ሙሉውን ቃለ መጠይቅ መልሳችሁ ላኩለት፣ በውስጥ። ደግሞ እሷ ብቻዋን እንዳታድር አድርጉ።

የኮዬው

ሙሉውን አሁን አየሁት። ስለ ተዝካር ያለኝ ሐሳብ አልተቀየረም። የበሬዎቹን ነገር ስታወራ ግን አባቴን አስታወሰችኝ። ኮሜንቴን አጥፍቼዋለሁ። በምችለው ልንገራት ካልሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ ስሜን ማወቅ የለባትም።

የአባዶ እናት

ከአምስት ቀን በኋላ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።

እሁድ ከሰዓት ቡናዬን ቆልቼ፣ ረከቦቱን ይዤ ወጣሁ። በሩን የከፈቱት እናቷ ናቸው። ምንም አላሉም፣ ፍም ሊያቀጣጥሉ ገቡ። አቦሉን በዝምታ ጠጣን። ቶናው ላይ «እኔም ቪዲዮውን ለእህቴ ልኬው ነበር» አልኳት። ካልነገርኳት መቀመጥ የማልችል መሰለኝ። ቆይታ «ቢያንስ አንቺ መጣሽ» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ እናቷ ተቆጡን። ሻንጣዋ በሩ አጠገብ ቆሟል። አዳማ ወንድሟ ጋ ልትሄድ ነበር፤ ስድቡን ችላው የብሎኩን ፎቶ ስታይ ነው ያወጣችው። የኮዬው፣ መልእክትህን ነግሬያታለሁ። «ደግሞ ይደግስ፣ ማን ከለከለው» ብላለች።

ሰኞ ልጆቹን አብሬ ነው ያደረስኳቸው። የክፍላቸውን አስተማሪም አናግሬያታለሁ። ባለሱቁ ደግሞ ፎቶው ከሱ በር መነሳቱን ሳሳየው ክው ነው ያለው፤ አሁን በሩ ላይ ስልክ አውጥቶ የሚቆም ሰው ካየ ይጠይቃል። ማን እንዳነሳው አላወቅንም። ደረጃ ላይ ሰው ሳልፍ አሁንም እያንዳንዱን አያለሁ፣ ይሄ ስሜት መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም። ሻንጣው እስካሁን አልተፈታም።

ነገ ጠዋት ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ጋር ሆነን ፖሊስ ጣቢያ አብረናት እንሄዳለን። ሕግ ነክ፣ ላይቮቹን ፍላሽ ላይ ገልብጠናል፣ ስክሪንሹቶቹን ከነቀናቸው አሳትመናል፣ ጥበቃውም ያየውን ጽፎ ፈርሟል። ሌላ የምንይዘው ነገር ካለ ዛሬ ማታ ጻፍልኝ።