ሜልበርን ሲቲ ውስጥ ለሁለት ሰው ጨዋታ የሚሆን የፎቅ ባር (ጥቆማ)

ሲቲ ውስጥ ሳንጯጯህ የምናወራበት ባር ፈልጉልን ለምትሉ፣ በተለይ እንግዳ ለመጣባችሁ፣ የኔ ምርጫ ይኸው። መጀመሪያ ግን ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት? ሁለት ሦስት ከሆናችሁ ቀጥሉ። ጀማው አስር ከደረሰ ግን የፎቁን ነገር እርሱት፤ ለናንተ የሚሆነውን ቦታ ወረድ ብዬ እጠቁማለሁ።

አንደኛ የማደርገው በርሊን ባርን ነው። ቻይናታውን ገብታችሁ ከሊትል በርክ ጎዳና ወደ ኮርስ ሌን ትታጠፋላችሁ። ቅያሷ ጠባብ ናት፣ የምግብ ቤት ጓሮ ትመስላለች፤ የተሳሳታችሁ መስሏችሁ እንዳትመለሱ። ደረጃውን ወጥታችሁ ደወል ትደውላላችሁ፣ ከውስጥ ይከፈትላችኋል። ቤቱ እንደ ድሮዋ በርሊን ለሁለት የተከፈለ ነው። ምሥራቁ ምሽግ መሰል ነው፣ ተደራራቢ የወታደር አልጋ ሳይቀር አለበት። ምዕራቡ ሶፋና ምቾት ነው። ብዙ ሰው ወደ ምዕራቡ ይሮጣል፤ እኔ ምሥራቁን እመርጣለሁ። በደርግ ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን የተማረ አጎት ካላችሁማ እዚያ አስቀምጡትና ወሬውን ለሱ ተዉለት። ኮክቴሉ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ኪስ ይነካል። ሲቲ ውስጥ አንድ ደህና ኮክቴል ከ20 ዶላር በላይ ነው፣ ስለዚህ ጋባዥ ከሆናችሁ አስቡበት።

ሁለተኛው ፈርዲዱርኬ ነው፣ ታተርሶልስ ሌን ውስጥ። ይሄም ፎቅ ላይ ነው፤ ሙዱ ግን ሌላ ነው። ሙዚቃው ይበረታል፣ ልጆቹም ወጣት ናቸው። በጊዜ ከሄዳችሁ ጥግ ይዛችሁ ታወራላችሁ፤ ከመሸ ግን ጆሮ ለጆሮ ነው። ቅድም ያልኳችሁ ብዙ ሰው ይዞ የሚመጣውም እዚሁ ቅያስ ውስጥ ሴክሽን ኤይት ይግባ። የመርከብ ኮንቴይነር ባር አድርገውታል፣ መቀመጫውም የዕቃ መጫኛ ጣውላ ነው። ሜዳ ስለሆነ ብትስቁም ብትጮኹም ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም።

ፎቅ ባይሆንም ፕሬስግሬቭ ፕሌስ ያለውን ባር አሜሪካኖን አልዘልም። ወንበር የለውም፤ ቆሞ ነው የሚጠጣው። የአገር ቤት ግሮሰሪ ባንኮኒ ተደግፎ መጠጣት የናፈቀው ሰው ይወደዋል፣ ድራፍት ፈልጎ ካልሄደ በስተቀር። በጣም ትንሽ ስለሆነ ሞልቶ ውጭ መጠበቅ ያለ ነው። አንድ ጠጥቶ ለመውጣት እንጂ ለማምሸት አይመከርም።

እንግዳችሁ "ለምን ባሩን ሁሉ ጓሮ ደበቁት?" ማለቱ አይቀርም። የሲቲው ፕላን በ1837 ሲነደፍ ሊትል የሚባሉት ጎዳናዎች የትልልቆቹ የጓሮ መግቢያ ነበሩ፤ ጠባቦቹ ቅያሶችም ዕቃ ማስገቢያና ቆሻሻ ማውጫ ሆነው ኖሩ። መጠጡ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከ1916 እስከ 1966 በቪክቶሪያ መጠጥ ቤት በምሽቱ 12 ሰዓት (በፈረንጆቹ 6 ፒኤም) ይዘጋ ነበር። ሕጉ በደንብ የላላው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በ1994 ሜየርስ ፕሌስ የሚባል ትንሽ ባር በስሙ በሚጠራው ቅያስ ውስጥ፣ በአሮጌ እንጨትና ዕቃ ተሠርቶ ተከፈተ። ኪራዩ ርካሽ የሆነው ጓሮና ፎቅ ስለነበር ሌሎቹም ተከትለው ገቡ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥቂት ማሳሰቢያ። እራት ቀድማችሁ ብሉ፤ ፉትስክሬይ ኒኮልሰን ጎዳና ጎራ ብላችሁ ክትፎውን ጨርሳችሁ ግቡ፣ ፎቅ ላይ የሚሸጠው ምግብ ሆድ አይሞላም። መታወቂያ ያዙ፣ ሽበት ቢኖራችሁም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ ደረጃውን አስቡ። ሲቲው መሃል ትራም ነፃ ነው፣ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ ወደ ፉትስክሬይ ሌሊቱን ሙሉ ባቡር አለ፤ መኪናውን ቤት ተዉት። ታክሲና ኡበር የምትሠሩ በተለይ፦ ስትነዱ ለናንተ የተፈቀደው የአልኮል መጠን ዜሮ ነው፣ የማታው መጠጥ ጠዋት ሺፍት ላይም ሊያዝ ይችላል። ጠዋት የምትገቡ ከሆነ ለሌላ ቀን አድርጉት።