«ፓኬት» ሲተረጎም «ጥቅል» ይባላልን?

ጥያቄ፦ ስለ ኮምፒውተር አውታረ መረብ የተዘጋጀ አንድ ማስተማሪያ «ፓኬት» የሚለውን ቃል «ጥቅል» ብሎ ተርጉሞታል። ይህ ከቴሌ የምንገዛው ወርኃዊ ጥቅል ነው ወይስ ሌላ? የምታውቁ አባላት ብታብራሩልን።

መልስ፦ ሁለቱ አይገናኙም። ከቴሌ የሚገዛው ጥቅል ይህን ያህል ጊጋባይት ለተወሰነ ቀን የሚሰጥ የአገልግሎት ውል ነው፤ ፓኬት ግን ዳታው ራሱ በመስመር ላይ ለመጓዝ ሲቆራረጥ የእያንዳንዱ ቁራጭ መጠሪያ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ያወጡለት ብሪታኒያዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዶናልድ ዴቪስ ናቸው (ከእርሳቸው ቀደም ብለው ተመሳሳይ ሐሳብ ያቀረቡት መሐንዲሱ ፖል ባራን «የመልእክት ብሎክ» ይሉት ነበር)።

አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ለሚኖሩት አጎቷ 3 ሜጋባይት የሚሆን ፎቶግራፍ ላከች እንበል። በተለመደው የኤተርኔት (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ስልት) መስመር አንድ ፓኬት ከ1500 ባይት ስለማይበልጥ፣ ፎቶግራፉ 2000 ገደማ ፓኬቶች ሆኖ ይነሣል። እያንዳንዱ ፓኬት በራሱ ላይ የላኪውንና የተቀባዩን አይፒ አድራሻ (መሣሪያው በመረቡ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይይዛል፤ በየመንገዱ ያሉት ራውተሮችም (ፓኬትን ከመረብ ወደ መረብ የሚያሸጋግሩት መሣሪያዎች) የተቀባዩን አድራሻ አይተው ወደሚቀጥለው ራውተር ያሳልፉታል እንጂ መንገዱን እስከ መጨረሻው አያውቁትም። ፓኬቱ መውጫ አጥቶ ሲዞር እንዳይኖር ደግሞ በየራውተሩ አንድ አንድ የሚቀነስለት ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ፓኬቱ ይጣላል። የዚህ ቁጥር ስም «የመኖሪያ ጊዜ» መሆኑ ለእኛ ለቃል ወዳጆች ያስገርማል፤ የሚቆጥረው ጊዜን ሳይሆን የታለፉትን ራውተሮች ነውና።

መንገድ ላይ የቀረውን ፓኬት የሚያስተካክለው ቲሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል (የመገናኛ ደንብ) ነው። የተቀባዩ ስልክ የደረሰውን ዳታ እየጠቀሰ ለላኪው ማረጋገጫ ይመልሳል፤ ማረጋገጫ ያልመጣለት ቁራጭ እንደገና ይላካል፤ ቀድሞ የደረሰውና የዘገየውም በተሰጣቸው ተራ ቁጥር ይሰለፋሉ። ለዚህ ማረጋገጫ «ደረሰኝ» ከሚለው የተሻለ ቃል የትም አይገኝም፤ ተቀባዩ የሚለው ቃል በቃል ይህንኑ ነው።

«ጥቅል»ን የምቃወመው ከቴሌው ጋር ስለሚምታታ ብቻ አይደለም። «ጠቀለለ» ከ«ጠቅላላ» እና ከ«ጠቅላይ» ጋር ዘመድ ነው፤ ብዙውን ወደ አንድ መሰብሰብን ያሳያል፤ ፓኬት ግን አንዱን ወደ ብዙ የመበተን ውጤት ነው።

ሌላ አባል፦ ታዲያ «እሽግ» ብንለውስ?

መልስ፦ ይቀርባል፤ ነገር ግን የታሸገ ነገር ሳይከፈት አይታይም። ተራ ፓኬት ግን በሚያልፍበት መስመር ላይ ላለ ሁሉ ውስጡ የሚነበብ ነው። ስለዚህ «እሽግ»ን ይዘቱ በምስጢር ቁልፍ ለተቆለፈው ፓኬት ብናቆየው፣ ሌላውን ግን «ፓኬት» ብለን ብንተወው እመርጣለሁ።