ሸሚዝ መቆለፍ ስለቻለ ብቻ ወደ ቤት?

የታማሚ እህት፦ በአእምሮ ሕክምና ክፍሉ፣ በቤተሰብ ውይይት ላይ አንድ ባለሙያ «ሸሚዙን ራሱ ከቆለፈና ራሱ ከበላ፣ ቤቱ መሄድ ይችላል» አሉን። ወንድሜ ሸሚዙን አሳምሮ ይቆልፋል። ሐሙስ ገበያ ብልከው ግን የገንዘቡን መልስ ሳይቀበል ይመጣል፤ መድኃኒቱንም ካላስታወስኩት አይውጥም። ይህንን የመዘነ ማን ነው?

የአእምሮ ጤና ነርስ፦ እህቴ፣ ያለ መመዘኛ አልተነገረም። መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት፤ እነዚህን የሚመዝነው የካትዝ መለኪያ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ስድስቱን ያለፈ ሰው አልጋ ይዞ ይቆይ? ደጅ ላይ ተኝቶ ወረፋ የሚጠብቅ አለ።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ታማሚ የዕለት ተዕለት ሥራውን መሥራት እንዲችል የሚረዳ ባለሙያ)፦ ካትዝ መለኪያውን የሠራው አረጋውያንንና የዳሌ አጥንት የተሰበረባቸውን ሰዎች እያየ ነው። ስኪዞፍሬንያ (ሐሳብንና እውነታን መለየትን የሚያውክ የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው እጁ ደህና ነው፤ የሚቸግረው ማቀድ፣ መጀመርና የጀመሩትን መጨረስ ነው። የላውተንና የብሮዲ መለኪያ (1969 እ.ኤ.አ.) ግዢን፣ ገንዘብን፣ መድኃኒትንና ትራንስፖርትን ይጨምራል። እሱም ቢሆን ቤተሰብ ጠይቆ በመሙላት ብቻ አይበቃም። ቡና ያፍላ፤ ሲቆላ ያሳርረዋል? ከሰሉን እንደነደደ ትቶ ይነሳል? ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦ ቤቱ ቡና አፍልቶ የማያውቅ ወንድ «አልቻለም» ተብሎ ሊጻፍበት ነው? ራሱ ላውተን እንኳ መጀመሪያ ላይ ወንዶችን በምግብ፣ በቤት ጽዳትና በልብስ አጠባ አልመዘነም። ደግሞስ ሐሙስ ገበያ ሕመምተኛ ይዞ የሚዞር ማን ነው?

የአጋሮ አባት (ከአጋሮ የመጡ የታማሚ አባት)፦ «ይዞ የሚዞር»? ልጄ ለሽያጭ የሚነዳ ፍየል አይደለም።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦ አባቴ፣ ሰው ስለሌለን ነው ያልኩት። በአንድ ፈረቃ ስንት ሰው እንደምናይ ያውቃሉ?

የአጋሮ አባት፦ አውቃለሁ፣ ሲስተር፤ ድካማችሁንም አይቻለሁ። ግን የሰው እጥረቱ በልጄ ወረቀት ላይ «ራሱን ችሏል» ተብሎ አይጻፍ።

የታማሚ እህት፦ ወንዶች አይመዘኑ የሚለውን አልቀበልም። ወንድሜ ከመታመሙ በፊት ቁርስ ቤት ነበረው፤ ፉል ይሠራ ነበር። ቀድሞ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቁ፣ በዚያ መዝኑት። አሁን እናታችን ክብሪት ትደብቅበታለች። አለመቻሉን በምን እናውቃለን? ማንም አላስሞከረውም።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፦ ትልቁ ነገር ይህ ነው። አለመቻልና አለመፈቀድ ወረቀት ላይ አንድ ምልክት ያገኛሉ። መድኃኒቱም አለ፤ ለሕመሙ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል እጁን ያደነደነው ሰው ቢዘገይ ሙያው ጠፋው አይባልም። ለመውጣት የተቃረቡትን ብቻ እንኳ አንድ ቀን በባጃጅ ገበያ ወስዶ ማየት ይቻላል።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦ የባጃጁንስ ማን ይከፍላል? ገበያ መሀል ቢታወክ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

የታማሚ እህት፦ ቤት ከገባ በኋላ ሲታወክስ ተጠያቂዋ ማን ናት፣ ሲስተር?