የፈረንሳይ ሪቪዬራ የሥነ ጥበብ ጉዞ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው የጋራ ዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የመነሻ ረቂቁ ይኸው። ከሜንቶን እስከ ካን ያለው የሜዲትራንያን ዳርቻ፣ 7 ሌሊት፣ 14 ተጓዦች፣ ባለ አምስት ኮከብ ማረፊያ። አሁን ባለበት ሁኔታ 2 ሌሊት ካን፣ 3 ሌሊት ኒስ፣ 2 ሌሊት ሞናኮ ይላል፤ ወቅቱም ኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ሆቴሎቹ የሚሠሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ወሮቹን እንዲሁ እንጻፍ። የምትቃወሙትን በምን እንደምትተኩት አብራችሁ ጻፉልኝ።

የጉዞ አደራጅ፦

ሦስት ሆቴል መያዙን አልደግፍም። ሆቴል በተቀየረ ቁጥር ጠዋት ክፍል ይለቀቃል፣ አዲሱ ክፍል የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በመካከል ሻንጣ የጫነ መኪና ይዘን እንዞራለን። ሁለት ጊዜ ስንቀይር አንድ ሙሉ ቀን ይባክናል። ከኒስ ሞናኮ 20 ኪሎ ሜትር፣ ካን ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሰባቱንም ሌሊት ኒስ እንደር። በባሕሩ ዳር ባለው ፕሮምናድ ዴዛንግሌ ላይ ኔግሬስኮ አለ፤ በ1913 የተከፈተ፣ የራሱ የሥነ ጥበብ ስብስብ ያለው ሆቴል ነው፤ ለዚህ ጉዞ ዓላማ ከሱ የሚቀርብ አላየሁም።

ኦክቶበርም ይቅር። በጋውን ሙሉ የሞቀው ባሕር ከሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ የአንድ ወር ዝናብ በሰዓታት ይወርዳል። ኦክቶበር 3 ቀን 2015 በካን፣ በአንቲብና በቢዮ አካባቢ በጎርፍ 20 ሰው ሞቷል። ኦክቶበር 2 ቀን 2020 አሌክስ የተባለው ማዕበል ከኒስ በስተሰሜን ያሉትን ሸለቆዎች መንገድና ድልድይ ጠራርጎ ወስዷል። በየዓመቱ እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ቀብድ ከፍለን የምንጠብቀው ወቅት አይደለም።

ሐሳቤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው ሳምንት ነው፤ ግን ሜይ አጋማሽ ላይ የካን ፊልም ፌስቲቫል ከመከፈቱ በፊት ማለቅ አለበት። ፌስቲቫሉ ከገባ የክፍል ዋጋ ይንራል፣ ሾፌርም አይገኝም። ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት ይህ ክፍተት ስለሚጠብ፣ ከሞናኮ የመኪና ውድድር በኋላ ወዳለው የጁን አጋማሽ እንለፍ።

የምግብ ኃላፊ፦

ከፋሲካ በኋላ መሆኑ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የምግብ ዝርዝሩ አንድ ወጥ ይሆናል። ወደ ጁን ከተሻገረ ግን የሐዋርያት ጾም ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ሁለት ዝርዝር ያስፈልገናል።

የኒስ ምግብ ለጾመኛ አይከፋም፤ አደናጋሪዎቹን ማወቅ ብቻ ነው። ሶካ የሚባለው ቂጣ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውኃ፣ ከወይራ ዘይትና ከጨው ብቻ ተበጥብጦ በሰፊ የመዳብ ትሪ በእንጨት ምድጃ ይጋገራል፤ ሙሉ በሙሉ የጾም ነው፣ ትኩሱን ካልበሉት ግን ይደርቃል። ራታቱይም የጾም ነው። ፒሳላዲየር የሽንኩርት ዳቦ ቢመስልም በላዩ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለበት። የፒስቱ ሾርባ የአትክልት ቢሆንም አይብ ይጨመርበታል፤ ፓን ባኛ ቱናና እንቁላል አለው። ለሼፉ «ሥጋ አንበላም» ካልነው ቅቤና አይብ ያቀርባል፤ «ቪጋን» ብለን በጽሑፍ እንላክ።

የሥነ ጥበብ አስጎብኚ፦

ረቂቁ በመልክዓ ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የተደረደረው። እዚያ ዳርቻ ላይ ግን መርሐ ግብር የሚወጣው ሙዚየሞቹ በሚዘጉበት ቀን ነው። ማክሰኞ የኒሶቹ የሠዓሊዎቹ የሻጋልና የማቲስ ሙዚየሞች፣ የቢዮው የፌርናን ሌጄ ሙዚየም፣ የቫሎሪሱ የፒካሶ ቤተ ጸሎት፣ የካኝ ሱር ሜሩ የሬኗር ቤት ሁሉም ዝግ ናቸው። ሰኞ የአንቲቡ ፒካሶ ሙዚየም ይዘጋል። በቫንስ ያለችው የማቲስ የሮዛሪ ቤተ ጸሎት እሑድና ሰኞ ለጎብኚ ዝግ ናት፤ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ትከፈታለች። በረቂቁ ውስጥ ቫንስ ሰኞ፣ ሻጋል ማክሰኞ ናቸው፤ ሁለቱም በር ላይ ያስቀሩናል። ሜይ 1 በሳምንቱ ከዋለም ብሔራዊ ሙዚየሞቹ አይከፈቱም።

ስለዚህ ሰኞን ለኒስ እንስጠው። ሻጋል በ1973 ሠዓሊው በሕይወት ሳለ የተከፈተ ሙዚየም ነው። በትልቁ አዳራሽ ከኦሪት ዘፍጥረትና ከኦሪት ዘጸአት የተወሰዱ 12 ሥዕሎች፣ በሌላው ክፍል ከመኃልየ መኃልይ 5 አሉ። አብርሃም ሦስቱን መላእክት ሲያስተናግድ የሚያሳየውን የእኛ ሰው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስላደገበት ያለ ማብራሪያ ያነበዋል፤ ማብራሪያ የሚሻው ሻጋል ለምን መደቡን በቀይ እንደሞላው ነው። ለ17ቱ ሥዕሎች ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙልኝ። ከዚያ ሽቅብ ሲሚዬ ወደሚባለው የኒስ ሰፈር፣ ወደ ማቲስ ሙዚየም። ከሙዚየሙ አጠገብ ባለው የገዳም መቃብር ማቲስ ራሱ አርፏል።

ሐሙስ ጠዋት ቫንስ። የጉዞው እምብርት እሱ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ የምናይ ብንሆን ይቺን ትንሽ ቤተ ጸሎት እመርጥ ነበር። ማቲስ ከ1948 እስከ 1951 ሠርቷታል፤ ሲጨርስ ዕድሜው 81 ነበር። በመስታወቶቹ ላይ ያሉት ቀለሞች ሦስት ናቸው፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። አረንጓዴውና ሰማያዊው ወደ ውጭ ያሳያሉ፣ ቢጫው ደብዛዛ ስለሆነ ብርሃኑን ይይዛል እንጂ አያሳይም። በግድግዳዎቹ ነጭ ሸክላ ላይ ቅዱስ ዶሚኒክ፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ የሕማማቱም ጉዞ በጥቁር መስመር ብቻ ተሥለዋል። ቀለሙን የሚጥልባቸው ፀሐይ ናት፤ ስለዚህ ሰዓቱ ራሱ የሥራው አካል ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እዚያ እንቀመጥ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ተጓዦች ቀድመው ይወቁት፤ በር ላይ ሲነገራቸው ቅር ይላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሳን ፖል ወዳለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ማግ ፋውንዴሽን፤ ኾሴፕ ሉዊስ ሰርት ነድፎት በ1964 ተከፈተ፤ የቀራፂውን የጃኮሜቲን ግቢና የሠዓሊውን የሚሮን የተጠላለፈ መንገድ በእግር እየተሄደ ነው የሚታየው።

ረቡዕ አንቲብ፣ ቫሎሪስና ቢዮ በአንድ ላይ ይሄዳሉ። ዛሬ የፒካሶ ሙዚየም በሆነው የአንቲብ ግሪማልዲ ግንብ ፒካሶ በ1946 ከሠራቸው 23 ሥዕሎችና 44 ንድፎች ትቶ ሄዷል፤ ሥዕሎቹን በተሠሩበት ቤት ማየት ከስንት ትልቅ ሙዚየም ይበልጣል።

የጀልባ ባለሙያ፦

14 የሚለውን ቁጥር ቀይሩት። ከነሠራተኞቻቸው የሚከራዩት ያቶች አብዛኞቹ ፈቃዳቸው እስከ 12 ተሳፋሪ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ሰው ካፒቴኑ አይጭንም። ለ14 ሰው ወይ ሁለት ጀልባ ወይ እጅግ ውድ የሆነ መርከብ ነው። 12 እንሁን።

ቀኑ ማክሰኞ ይሁን፣ ሙዚየሞቹ ስለሚዘጉ ምንም አይቀርብንም። መንገዱ ከኒስ ወደብ ተነስቶ የአንቲብን ጫፍ ዞሮ ከካን ፊት ለፊት ወዳሉት የሌራን ደሴቶች። ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው ሳን ኦኖራ ላይ በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተመሠረተ ገዳም አለ፤ መነኮሳቱ ዛሬም ወይን ያለማሉ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይያዝ።

ሁለት ነገር ያበላሽብናል። አንደኛው የምሥራቅ ነፋስ ነው፤ ፀሐይ ወጥቶም ማዕበሉ ይቀጥላል፣ ወደ ታንኳ መውረድ አይቻልም። ውሉ ላይ የመለወጫ ቀን ቅዳሜ ተብሎ ይጻፍ፤ ማክሰኞ ባሕሩ ከከፋ ካፕ ፌራ ላይ ያለውን ቪላ ኤፍሩሲ ደ ሮትሽልድ ከነአትክልቱ እናያለን። ሁለተኛው መልሕቅ ነው። ፖሲዶኒያ የተባለውን የባሕር ሣር ለመጠበቅ ከ24 ሜትር የሚረዝም ጀልባ ሣሩ ባለበት መልሕቅ መጣል ተከልክሏል። ስለዚህ ከ24 ሜትር በታች እንከራይ፤ ትልቁ ምንም ቢያምር ከደሴቶቹ ርቆ ይቆማል።

ገንዘብ ያዥ፦

ወንድሜ፣ የጀልባውን ዋጋ ድረ ገጽ ላይ በሚታየው ብቻ እንዳታቀርበው። ለምሳሌ ኪራዩ 6,000 ዩሮ ቢሆን፣ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 1,200፤ ለነዳጅ፣ ለምግብና ለወደብ ቀድሞ የሚያዘው ገንዘብ በተለመደው 30 በመቶ ቢሰላ 1,800፤ ለሠራተኞቹ ጉርሻ በ10 በመቶ 600። ድምሩ 9,600፣ ለአንድ ሰው 800 ዩሮ። ቀድሞ ከተያዘው የተረፈው ይመለሳል፤ ካፒቴኑን ደረሰኝ መጠየቅ ግን የኛ ድርሻ ነው። የሆቴሉም የከተማ ግብር በሰውና በሌሊት ተቆጥሮ ከክፍሉ ዋጋ ውጭ ይከፈላል።

ዋናው ስጋቴ ቪዛ ነው። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት ላላቸው አባላት የሼንገን ቪዛ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ የሚመጡትና በገልፍ አገሮች በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚኖሩት ግን ያስፈልጋቸዋል፤ የገልፎቹ የመኖሪያ ፈቃዳቸውንም ማያያዝ አለባቸው። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ይከፈታል፣ ክፍያው 90 ዩሮ፣ የጉዞ ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ 30 በመቶ ቀብድ፤ ማመልከቻ ከጉዞው 4 ወር በፊት፤ ቀሪው ክፍያ የቪዛው መልስ ከታወቀ በኋላ። ሆቴሉ ያለ ቅጣት ክፍል የምንመልስበትን ቀን ከዚያ በኋላ እንዲያደርግልን በውሉ እንጠይቅ። እምቢ ካለ ሌላ ሆቴል እንፈልግ፤ ቪዛ የተከለከለ አባል ገንዘቡንም እንዲያጣ አልፈርምም።

የጉዞ አደራጅ፦

ጋሼ ትክክል ነዎት፤ እንዲያውም አንድ ልጨምር። ወደ ጣሊያን ሳንሬሞ ለምሳ እንሂድ ያሉ አሉ። ድንበሩ በሼንገን ውስጥ ቢሆንም ከቬንቲሚሊያ ሲመለሱ ሜንቶን ላይ የፈረንሳይ ፖሊስ ባቡርና መኪና እያስቆመ ይፈትሻል። ፓስፖርት ሆቴል ካዝና ውስጥ ትቶ የወጣ ሰው ችግር ላይ ይወድቃል። እኔ ሳንሬሞን ሰርዤዋለሁ።

በመኪና በኩል፣ 12 ሰው በሁለት ባለ 7 መቀመጫ ቫን ይሁን። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲመጡና ሲመለሱ ግን ለሻንጣ ሦስተኛ ቫን ይጨመር፤ ሰባት ሰው የሞላ ቫን ሰባት ትልቅ ሻንጣ አይችልም። ሳን ፖል በር ላይ ወርዶ በድንጋይ ንጣፍ ዳገት በእግር ነው፤ ጉልበት የሚያማቸው አባላት ቀድመው ያሳውቁ።

የሥነ ጥበብ አስጎብኚ፦

ለዓርብ ሮክብሩን ካፕ ማርታንን ጨምሩልኝ። የዲዛይነሯ የአይሊን ግሬይ ኢ 1027 የተባለ ቤት ከ1926 እስከ 1929 ተሠራ፤ አጠገቡ አርክቴክቱ ሌ ኮርቡዚዬ በ1952 ያቆማት ትንሽ የእንጨት ጎጆ አለች። የሚታዩት በአስጎብኚ፣ አስቀድሞ በተያዘ ሰዓት ብቻ ነው። ቫን በሩ ድረስ አይደርስም፤ ከባቡር ጣቢያው በእግር ይኬዳል። ከሰዓት በኋላ ሜንቶን፣ ዣን ኮክቶ የሣለው የማዘጋጃ ቤቱ የጋብቻ አዳራሽ። የሽቶ ከተማዋ ግራስና የሞናኮው ካዚኖ ከዕቅዱ ይውጡልኝ። ሁለቱም የሚያምሩ ናቸው፤ ግን የሦስት ሰዓት ጊዜ ይወስዳሉ፣ የሚወስዱት ደግሞ ከሥዕሎቹ ነው።

ሰብሳቢ፦

ለጉባኤው የሚሄደው ጽሑፍ እንዲህ ይሁን፦ «12 ተጓዦች፣ 7 ሌሊት በኒስ በአንድ ሆቴል፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ከካን ፌስቲቫል በፊት። እሑድ መግቢያ፤ ሰኞ ሻጋልና ማቲስ፤ ማክሰኞ ጀልባ፤ ረቡዕ አንቲብ፣ ቫሎሪስ፣ ቢዮ፤ ሐሙስ ቫንስና ማግ፤ ዓርብ ሮክብሩንና ሜንቶን፤ ቅዳሜ የጀልባ መለወጫ ወይም ቪላ ኤፍሩሲ፤ እሑድ መመለሻ። ቀብድ 30 በመቶ፤ ቀሪው ከቪዛ መልስ በኋላ።»

የጉዞ አደራጃችን የሆቴሉን ውል፣ የጀልባ ባለሙያችን ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ከነታክሱ ያምጡ። አስጎብኚያችን ለቫንስና ለሮክብሩን ዛሬውኑ ይጻፉ፤ ሮክብሩን ዓርብ ሰዓት ካልሰጠን ሐሙስና ዓርብን እናለዋውጣለን፤ ቫንስ በሁለቱም ቀን ጠዋት ክፍት ናት።