ቦርከና ወንዝ ዳር ያየናቸው ትልልቅ ነጭ ወፎች ምንድን ናቸው? አንዱ እግሩ ላይ ቀለበት አለው

ሆጤ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሆነን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፣ የጥር ብርድ አላስቀምጥ ብሎን ነው፣ እዚያ ትንሽ ይሞቃል ብለን። ቦርከናን ይዘን በእግር ስንሄድ ጤፉ ተነስቶ ባዶ በቀረ ማሳ ላይ ትልልቅ ነጭ ወፎች ሰፍረው አገኘን። ቆጠርናቸው፣ 37። የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር፣ ምንቃራቸው ረጅምና ቀይ፣ ቁመታቸው ወገቤ ድረስ ይመጣል። አንዱ ተነጥሎ በአንድ እግሩ ቆሟል። እግሩ ኖራ የተቀባ ይመስላል፣ ከጉልበቱ በላይ ደግሞ ነጭ ፊደል የተጻፈበት ጥቁር ቀለበት አለው። ከብት የሚጠብቁት ልጆች "ሰላይ ነው፣ እንያዘው" ብለው ድንጋይ ሲያነሱ በስንት ልመና አስቆምናቸው። ወፉ ምንድን ነው? ታሞ ይሆን? ቀለበቱስ ለማን ነው የሚነገረው? እግረ መንገዴን፣ ላሞቹ እግር ስር ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ሆዷ ቢጫ ትንሽ ወፍም አይተናል።

ቧንቧ ውሃ፦ ከብት ተከትሎ የሚሄደው ነጩ ወፍ ነው እኮ። ምኑ ነው የሚገርመው?

ሆጤ፦ እሱንማ አውቀዋለሁ አቦ፣ ዶሮ ቢያክል ነው። ይሄ ሲነሳ ክንፉ ከእኔ ቁመት ይበልጣል።

መምህር ከደሴ፦ ልጄ፣ ያየሽው ነጭ ሽመላ ነው። የእኛ አገር ኗሪ አይደለም፣ ክረምታቸው ሲመጣ ከአውሮፓ የሚወርድ እንግዳ ነው። ክንፉን እያርገበገበ ብዙ መሄድ ይከብደዋል፣ ከመሬት በሚነሳው ሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚጓዘው። ባሕር ላይ ያ አየር ስለማይገኝ ሜዲትራኒያንን በቀጥታ አያቋርጥም፣ የምሥራቆቹ በኢስታንቡል ዞረው በሲናና በአባይ ሸለቆ በኩል ነው የሚመጡት። የታጨደ ማሳ ይወዳሉ፣ አንበጣና አይጥ ስለሚያገኙበት። ገበሬ ሊያባርራቸው አይገባም።

ስለ እግሩ አብሽሪ፣ በሽታ አይደለም። ሙቀት ሲበዛበት እግሩ ላይ ይጸዳዳል፣ እርጥበቱ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። ኖራ የመሰለሽ የደረቀው ነው፣ ከሥሩ ያለው ቀይ ነው። በአንድ እግር መቆምም እረፍቱ ነው። ክንፉ ወደ አንድ ጎን ከወደቀ ወይም ሰው ሲጠጋው መነሳት ካቃተው ያኔ ነው የሚያሳስበው።

አሞራ አሳዳጅ፦ በልጆቹ አትፍረዱ። በ2013 እ.ኤ.አ. ግብፅ ቄና ውስጥ አንድ ሽመላ ጀርባው ላይ መከታተያ መሣሪያ ስላለው ብቻ በስለላ ተጠርጥሮ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ነበር፣ ቀልድ አይደለም። ለነገሩ ሽመላ አፍሪካ እንደሚወርድ ካሳመኑት ማስረጃዎች አንዱም የመጣው እንዲሁ በጉድ ነው። በ1822 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተገደለ ሽመላ አንገቱን 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአፍሪካ ጦር ወግቶት፣ ጦሩን ይዞ ነበር የተመለሰው። ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ አለ።

ወደ ቀለበቱ ስንመጣ፣ ፎቶ አለሽ? ፊደሉን ማንበብ ቻልሽ?

ሆጤ፦ ስልኬ አጉልቶ ያሳየኝ "ዲ" እና "ኢ"ን ነው፣ ሦስተኛው ደብዝዟል። ቁጥሩ መጨረሻው 47 ነው።

አሞራ አሳዳጅ፦ እንግዲያው ጀርመን ነው የታሰረለት። ሦስተኛው ፊደል የትኛው የጀርመን የወፍ ጥናት ማዕከል እንዳሰረው ይለያል፣ "አር" ከሆነ ራዶልፍዘል፣ "ኤች" ከሆነ ሂደንዜ። ጽሑፉ ወደ ላይ ስለሆነ ስልክሽን አጋድመሽ አንብቢው። ፎቶውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቀለበቱ የቀኝ ወይስ የግራ እግር ላይ እንደሆነ ጽፈሽ አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ላኪ፣ ወይም በቀጥታ ለማዕከሉ። ቁጥሩ ባይሟላም ላኪው። ደግመሽ ከሄድሽ ፀሐይ ከጀርባሽ ትሁን፣ ፊት ለፊት አትሂጂባቸው፣ ጎን ለጎን እያልሽ ተጠጊ። አንገታቸውን ቀና ካደረጉ ቁሚ። አቅርቦ ማሳያ መነጽር ካገኘሽ የስልክሽን ካሜራ መስታወቱ ላይ ገጥመሽ አንሺ፣ እጅ ይንቀጠቀጣልና ደጋግሚው።

የሐርቡ ልጅ፦ ቢጫዋም እንግዳ ናት፣ በየዓመቱ በበጋ ትመጣለች። ላም ስትረግጥ የሚነሳውን ዝንብ ትለቅማለች። እኛ ጋ ሞልታለች።

ሆጤ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎንም። እሁድ መነጽር ተውሼ ተመለስኩ። 12 ብቻ ቀርተዋል፣ ባለቀለበቱ የለም። የቅዳሜውን ፎቶ አጋድሜ ሳየው ሦስተኛው ፊደል "አር" ይመስላል፣ እንዲያው ልኬዋለሁ። ከልጆቹ አንዱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እቴ፣ ሰላይሽ ወደ ሐርቡ ሄዷል!" የሐርቡ ልጅ፣ እስቲ እግር እግር እያየህ።